የድሮ የሚና ጨዋታ መጽሔቶች፦ የትኛውን፣ በየትኛው መልክ?

ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የወጡ የሚና ጨዋታ መጽሔቶችን ዛሬ ፈልጎ ለመያዝ የተነሣ ሰው ሁለት ምርጫ ይጠብቀዋል። አንደኛው የትኛውን መጽሔት እንደሚይዝ ነው፤ ሁለተኛው በየትኛው መልክ፣ ማለትም በጥንቱ ወረቀት፣ በዲስክ ወይስ በመድበል እንደሚይዘው ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም በዋጋ ብቻ ይወስንና በኋላ ይቆጨዋል። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ የናፈቀን ጽሑፉ ነው ወይስ ዘመኑ የሚለው ነው እላለሁ። ጽሑፉ የናፈቀው ሰው በጥቂት ወጪ ይረካል። ዘመኑ የናፈቀው ግን የፖስታ ማዘዣ ኩፖኑን፣ አንባቢያን የሚነታረኩበትን የደብዳቤ ዓምድና የሱቆቹን ማስታወቂያ ካላገኘ፣ የገዛው ሁሉ ጎዶሎ ይሆንበታል።

ለነገሩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። የሚና ጨዋታ አንድ የጨዋታ መሪ ታሪኩን እየዘረጋ፣ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው እየተናገሩና እየወሰኑ፣ ያጠራጠረውን በዳይስ እየለዩ በወረቀትና በእርሳስ የሚጫወቱት ነው። መነሻው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት፣ ቲኤስአር የተባለው ኩባንያ በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። የመጀመሪያው ሕግ በሦስት ትናንሽ ጥራዞች የታተመ፣ ብዙ ነገር ሳይብራራ የታለፈበት ስለነበር፣ ግራ የገባው ተጫዋች ጥያቄውን ጽፎ ለመጽሔቱ ይልክና መልሱን ለወራት ይጠብቅ ነበር። መጽሔቶቹ የተወደዱት በሕጉ ውስጥ ከነበረው ከዚህ ክፍተት የተነሣ ነው፤ ሕጉ የተሟላ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ዓምድ ባልተጻፈ ነበር።

ድራጎን፦ በአንድ ስም ብዙ መጽሔት

ቲኤስአር መቀመጫው በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ በተባለች ትንሽ ከተማ ነበር። በ1975 ዘ ስትራቴጂክ ሪቪው የተባለ ቀጭን ጋዜጣ ጀመረ፤ እርሱም ሰባት ጊዜ ወጥቶ ቆመና በሰኔ 1976 በቲም ካስክ አዘጋጅነት ዘ ድራጎን በተባለው መጽሔት ተተካ። የመጨረሻው የወረቀት እትም ቁጥር 359 ሲሆን የወጣው በመስከረም 2007 ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየን መጽሔት እንደ አንድ ነገር ቆጥሮ «ድራጎን ልግዛ ወይስ አልግዛ» ማለት ትርጉም የለውም፤ የትኛውን ዘመን ነው መባል አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ያህል እትሞች ገና መልካቸውን ያልያዙ ናቸው። የጦርነት ጨዋታ፣ ልብ ወለድና የሕግ ማሻሻያ ተደባልቀው ይገኙባቸዋል፤ ሥዕሉም አንዳንዴ ከትምህርት ቤት ደብተር ኅዳግ የተቀዳ ይመስላል። ውድ የሚሆኑት ብርቅ ስለሆኑ ነው እንጂ የሚነበብ ስለበዛባቸው አይደለም። ሰብሳቢ ካልሆኑ ይለፏቸው። ከዚህ ምክር የማወጣቸው በመካከላቸው የሰሌዳ ጨዋታ ይዘው የወጡትን ነው፤ ለምሳሌ ቁጥር 28 (ነሐሴ 1979) የቶም ዋምን፣ አረንጓዴ ፍጡራን አንዲትን የጠፈር መርከብ የሚወሩበትን አስቂኝ ጨዋታ ከነሰሌዳውና ከነጠጠሮቹ አቅፎ ነበር። ጠጠሮቹ ተቆርጠው እንዲወጡ የታሰቡ ናቸው፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ልጅ በደንብ ተጫውቶባቸው ከሆነ የዛሬው ገዢ የሚያገኘው ባዶ ቦታቸውን ነው።

እኔ በግልጽ የማዳላው ኪም ሞሃን አዘጋጅ ለነበረበት ለ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ገጹ በጽሑፍ የታጨቀ ነው፤ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ዛሬ መነጽር ሳያደርጉ የሚያነቡት ከሆነ ዓይንዎ የታደለ ነው። ነገር ግን ጸሐፊዎቹ ጨዋታውን በሙሉ ልብ ያከበሩበት ጊዜ ነበር። በቁጥር 72 (ሚያዝያ 1983) ከዋሻ ጣሪያ እንደ ድንጋይ ተንጠልጥሎ አድፍጦ በአላፊው አናት ላይ የሚወድቀው ፒርሰር የተባለው ጭራቅ፣ ምን ይበላል፣ እንዴትስ ይኖራል ተብሎ እንደ እውነተኛ እንስሳ ተጠንቶ ቀረበ። ከዚያ በኋላ የጭራቆች ሥነ ምኅዳር የመጽሔቱ ቋሚ ዓምድ ሆነ። በዚያው ዓመት በቁጥር 75 እና 76 ኤድ ግሪንዉድ የተባለ ካናዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ዘጠኙን ሲኦሎች ከነገዢዎቻቸው፣ አገር ጎብኝቶ እንደተመለሰ ሰው በዝርዝር ጻፋቸው። ይህ ሰው በኋላ ፎርጎትን ሪልምስ በሚባለው ምናባዊ ዓለሙ በእጅጉ ታወቀ።

በዚያው ዘመን «ሴጅ አድቫይስ» የተባለው የጥያቄና መልስ ዓምድ ነበር፤ በ1979 ጂን ዌልስ የጀመረችው ነው። አንድ ተጫዋች አስማተኛው ሰይፍ ለምን እንደማይታጠቅ ተበሳጭቶ ይጠይቃል፤ መላሹም እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ ይፈርዳል። እነዚህን ዛሬ ሳነብ ከመልሱ ይልቅ የጠያቂው ብስጭት ያስቀኛል፤ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ተጣልቶ ሰኞ ዕለት ወደ ፖስታ ቤት የሄደ ልጅ ከደብዳቤው ጀርባ ይታያልና።

ስለ ካርቱኖቹም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ዴቭ ትራምፒየር ከ1977 ጀምሮ የሣለው «ዎርሚ»፣ ሲጋራ የሚያጨስና ቢሊያርድ የሚጫወት የዘንዶ ታሪክ፣ በ1988 በቁጥር 132 ላይ ታሪኩ ሳያልቅ ድንገት ቆመ። ሠዓሊውም ከሙያው ጨርሶ ራቀ፤ ከዓመታት በኋላ በኢሊኖይ ታክሲ ሲነዳ ተገኘ፤ በ2014 ዐረፈ። ዎርሚን በልጅነቱ የተከተለ ሰው ጉጉቱ ገና አልበረደለትም፤ ለእርሱ የሚመረጠው ከመቶ በታችና ጥቂት ከመቶ በላይ ያሉትን ቁጥሮች በተከታታይ መያዝ ነው፤ የተነጣጠሉ እትሞች የበለጠ ያናድዱታል።

ቲኤስአር በዕዳ ተይዞ በ1997 ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በተባለ ሌላ የጨዋታ ኩባንያ ከተገዛ በኋላ መጽሔቱ መልኩን ቀየረ፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ፓይዞ የተባለ አሳታሚ ያዘውና ሙሉ በሙሉ ባለቀለም፣ አማርጦ የተሠራ መጽሔት አደረገው። በጥራት ካየነው የመጨረሻው ዘመን ከሁሉ ይበልጣል። እኔን ግን ምንም አያስታውሰኝም። በ2003 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረ አንባቢ ተቃራኒውን ቢለኝ አልከራከረውም።

ዋይት ድዋርፍ፦ ቁጥሩን አይተው ይግዙ

ዋይት ድዋርፍን በለንደን ያሳተመው በ1975 በስቲቭ ጃክሰን፣ በኢያን ሊቪንግስተንና በጆን ፒክ የተመሠረተው ጌምስ ወርክሾፕ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በሰኔና ሐምሌ 1977 ሲሆን ለብዙ ዓመታት ያዘጋጀው ሊቪንግስተን ራሱ ነው። ከድራጎን የሚለየው አንዱ ነገር የአንድ ጨዋታ አገልጋይ አለመሆኑ ነው፤ ከደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ጎን የጠፈሩን ትራቭለርና የነሐስ ዘመን መንፈስ ያለውን ሩንክዌስት እኩል ያስተናግድ ነበር። ሁለተኛው ፌዙ ነው፤ የእንግሊዝ ፌዝ ደረቅ ስለሆነ ካርቱኑ «ትረድ» ጉልበተኛውን ጀግና ራሱን መሳለቂያ ያደርገዋል።

ዶን ተርንቡል የመራው «ፊንድ ፋክተሪ» የተባለው ዓምድ አንባቢያን የፈጠሯቸውን ጭራቆች ያትም ነበር። ቻርልስ ስትሮስ የተባለ ወጣት፣ ዛሬ ታዋቂ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ የሆነው፣ ጊትያንኪ የተባሉትን ብጫ ቆዳ ያላቸው ተዋጊዎች የላከው ለዚህ ዓምድ ነው። በ1981 በወጣው ፊንድ ፎሊዮ በተባለው የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ገቡ፤ ሽፋኑንም ያዙ። በ2023 በወጣው ባልዱርስ ጌት 3 የኮምፒውተር ጨዋታ ላኤዜል የተባለችውን ጊትያንኪ የወደደ ወጣት አንባቢ ካለ፣ የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከዚህ መጽሔት ነው። አባትና ልጅ አንድ ላይ የሚገዙት ነገር ከተፈለገ፣ ከዋይት ድዋርፍ የመጀመሪያ እትሞች የተሻለ አላውቅም።

ማስጠንቀቂያው ይኸውና፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ቁጥሩ መቶን ሲያልፍ፣ መጽሔቱ ሙሉ በሙሉ የአሳታሚው የራሱ ጨዋታ የሆነው የዎርሃመር መጽሔት ሆነ፤ ያ ደግሞ በትናንሽ የተቀቡ ምስሎች የሚካሄድ የጦር ጨዋታ ነው። «የድሮ ዋይት ድዋርፍ፣ ሃያ ፍሬ» ብሎ የሚሸጥ ሰው አልዋሸም፤ ነገር ግን ቁጥሮቹ 150ና 160 ከሆኑ የሚያገኙት የሚና ጨዋታ ሳይሆን የቀለም አቀባብ ትምህርት ነው። ከ90 በታች ያሉትን ይጠይቁ።

ደንጅንና ሌሎቹ

ደንጅን በ1986 የተጀመረ የድራጎን ታናሽ ወንድም ሲሆን 150 እትሞች ካወጣ በኋላ በመስከረም 2007 ከታላቁ ጋር አብሮ ቆመ። ይዘቱ አንባቢያን ራሳቸው ጽፈው የላኳቸው፣ ተዘጋጅተው ለመጫወት የቀረቡ ጀብዱዎች ናቸው። የሚጫወት ቡድን ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይያዝ። ናፍቆቱን ለመወጣት የሚፈልግ ግን አይረካበትም፤ ጀብዱ በባሕርዩ እንደ ምግብ አሠራር መመሪያ ነው፣ ካልሠሩት ጣዕም የለውም። ጥቂቶቹም በ2019 በወጣው ጎስትስ ኦቭ ሶልትማርሽ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ለዛሬው ሕግ ተስተካክለው ስለታተሙ፣ ለመጫወት ብቻ ከሆነ የድሮውን ወረቀት ማሳደድ ላያስፈልግ ይችላል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። የቲኤስአር የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ያሳተመው ኢማጂን ከ1983 እስከ 1985 በሠላሳ እትሞች ብቻ የተወሰነ ስለሆነ፣ አንድን መጽሔት ከዳር እስከ ዳር ይዤ ልደሰት ለሚል ሰው እጅግ የሚመች ነው። ኬኦዚየም የተባለው አሳታሚ ያወጣው ዲፈረንት ዎርልድስ ስለ ጨዋታው አሠራር ማሰብ ለሚወድ ነው። ትራቭለር ብቻ ለሚጫወት ደግሞ የጨዋታው አሳታሚ ጂዲደብሊው ከ1979 እስከ 1985 ያወጣቸው 24 ትናንሽ ጥራዞች ይበቁታል።

ወረቀት፣ ዲስክ ወይስ መድበል?

መጽሔቱን ከመረጡ በኋላ የሚቀረው መልኩ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የመግቢያው ጥያቄ የሚፈርደው።

መድበሉ ቀላሉ መንገድ ነው። ቲኤስአር ራሱ ከ1980 ጀምሮ የድራጎንን የተመረጡ ጽሑፎች በየጊዜው በአንድ ጥራዝ እየሰበሰበ አሳትሟል። ጽሑፉ የናፈቀው ሰው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ቢይዝ ምርጥ ምርጡን አግኝቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን አሰባሳቢው ገለባ ብሎ የጣለው እኔ የምፈልገውን ነው። ማስታወቂያ የለም፤ የተቆጣ ደብዳቤ የለም፤ በዚያ ወር ብቻ ትርጉም የነበረው ቀልድ የለም። የሠርግ ምግብ ተጭልፎ በሳህን ቤት ድረስ እንደመጣልዎት ቁጠሩት።

ዲስኩ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ታሪኩም ራሱን የቻለ ነው። በ1999 የድራጎን የመጀመሪያዎቹ 250 እትሞች ከሰባቱ የስትራቴጂክ ሪቪው እትሞች ጋር በአምስት ሲዲ ተቀድተው ለሽያጭ ቀረቡ። ከሽፋን እስከ ሽፋን ስካን የተደረጉ ስለሆኑ ማስታወቂያውም ደብዳቤውም አለ፤ በቃል ፈልጎ ማግኘትም ይቻላል። ችግሩ የተነሣው ከጸሐፊዎቹና ከሠዓሊዎቹ ነው፤ አንዳንዶቹ ለመጽሔቱ የሸጡት የመጀመሪያ ኅትመት መብትን ብቻ ነበርና በዲስክ እንደገና መሸጡን ተቃወሙ። ከተቃወሙት አንዱ «ናይትስ ኦቭ ዘ ዲነር ቴብል» የተባለው ካርቱን ባለቤት ኬንዘር ነው፤ ክርክሩ በስምምነት ሲቋጭ ለኬንዘር ሃክማስተር የተባለውን ጨዋታ በደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ላይ ተመሥርቶ እንዲሠራ ፈቃድ አስገኘለት። በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ፣ የጋዜጣ ነጻ ጸሐፊዎች ሥራቸው ያለ ፈቃዳቸው በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ሊሸጥ እንደማይገባ ሲፈርድ፣ እንዲህ ያለ ዲስክ ደግሞ ማሳተም ለአሳታሚዎች የሚያስፈራ ሆነ። የዛሬው ገዢ እንግዲህ የሚያገኘው ያንኑ የ1999 ዲስክ በሁለተኛ እጅ ነው።

አብሮት የመጣው የማንበቢያ ፕሮግራም በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ባይነሣ አይደንግጡ፤ እትሞቹ በፒዲኤፍ ስለተቀመጡ ፋይሎቹን በቀጥታ መክፈት ይቻላል። በዩኤስቢ የሚሰካ የሲዲ ማጫወቻ መበደር ግን ግድ ነው። የስካኑ ጥራት በዚያ ዘመን ልክ ነው፤ ደቃቁ ፊደል ሲጎላ ይደበዝዛል። ከቁጥር 250 በኋላ ያሉት 109 እትሞችም የሉበትም፤ ስለዚህ የ2000ዎቹ ልጅ ከዲስኩ የሚያገኘው ነገር የለም።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ በሚታወቀው ሁሉ ምክንያታዊ ያልሆነው ምርጫ ይኸው ነው፤ እኔ ግን የምመክረው ይህንኑ ነው፣ በልኩ ከሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ቤት ደጃፍ በካርቶን ሙሉ መጽሔት ገዛሁ። ሻጩ ሁሉም የተሟሉ ናቸው አለኝ፤ እኔም ከላይ ያሉትን ሦስቱን ገልጬ አመንኩት። ቤት ገብቼ ሳየው ከታች ያሉት በምድር ቤት እርጥበት የሻገቱ ነበሩ፤ ሽታቸው በአንድ ሌሊት መደርደሪያዬን ሞላው። ከአንዱ መካከል ግን በእርሳስ የተሞላ የገጸ ባሕርይ ወረቀት ወደቀ፤ የሕይወት ነጥቡ 14 ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል፣ 9 ተብሎ ተሰርዟል፣ 3 ተብሎ ተሰርዟል፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ቁጥር የለም። ያ ልጅ በዚያች ምሽት ጠረጴዛው ላይ ምን እንደደረሰበት ከዚህ በላይ የሚነግረኝ መድበል አላገኘሁም። የሻገተውን ጣልኩት፤ ወረቀቷን አስቀመጥኳት።

ስለዚህ ሲገዙ የመጨረሻውን እትም ሳይቀር ገልጠው ያሽቱ። ሽፋኑ ቢያብረቀርቅም አይታለሉ፤ መካከሉ ላይ ያሉትን ሁለቱን የስፌት ሽቦዎች ይዩ፣ ዝገታቸው ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ከሆነ የመካከሉ ገጽ ሊላቀቅ ቀርቧል። ኩፖን የተቆረጠበትን ገጽ ይፈልጉ፤ ኩፖኑ ሲቆረጥ በጀርባው ያለው ጽሑፍም አብሮ ይሄዳልና። ወረቀቱ በትንሹ መወየቡ ግን ጉዳት አይደለም፤ ርካሹ የእንጨት ወረቀት አሲድ ስላለበት ብርሃን ባያየውም ይወይባል። በደንበኝነት ሲላክ የተለጠፈ የአድራሻ ወረቀት ያለበት እትም በሰብሳቢዎች ዘንድ ስለሚናቅ በቅናሽ ይገኛል፤ ዘመኑ ለናፈቀው ሰው ግን እንዲያውም ጌጡ ነው።

ስለ መላኪያም ላንሣ። በአሜሪካ ውስጥ መጻሕፍት በቅናሽ የሚላኩበት ሚዲያ ሜይል የተባለ የፖስታ አገልግሎት አለ፤ መጽሔት ግን ማስታወቂያ ስለያዘ በዚህ ዋጋ አይላክም። እኔ የምፈልገው ማስታወቂያ ፖስታ ቤቱ ቅናሹን የሚከለክልበት ምክንያት መሆኑ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ልኮት እንደሆነ ልዩነቱን ተቀባዩ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ አስቀድመው ይስማሙ። አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ደግሞ ወረቀት ከባድ ነገር መሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ አምስት እትም ያስገባ ይሆናል፣ ሃምሳ ግን ለማስቸገር ካልሆነ አይጠየቅም። ለዚያ አንባቢ ዲስኩ ወይም መድበሉ ሳይሻል አይቀርም።

አቀማመጡ እንደ አገሩ ይለያያል። ፖሊፕሮፕሊን ከረጢትና ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን በሁሉም ቦታ ይሠራል፤ ተራው ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ከጊዜ በኋላ ሽፋኑ ላይ ይጣበቃል። በአዲስ አበባ የክረምቱን እርጥበት፣ በዋሽንግተን አካባቢ ምድር ቤቱን፣ በዱባይ ደግሞ መኪና ውስጥ ረስቶ መሄድን መጠንቀቅ ነው።

እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት ዲስኩን ገዝቶ እንደ ማውጫ መጠቀም ነው። የማስታውሰው የጽሑፍ ርዕስ አልነበረም፤ አንዲት ሴት በበረዶ ላይ ቆማ የምትታይበት ሽፋን ብቻ ነበር። በቃል ፍለጋ ሽፋን አይገኝም። አንድ ማታ ቡናዬን ይዤ ሽፋኖቹን ከቁጥር 1 ጀምሬ ተራ በተራ ገለጥኳቸው፤ መቶውን ሳላልፍ አገኘኋት፤ ከበረዶው በቀር የማስታውሰው ሁሉ ተሳስቶ ነበር። በማግሥቱ ያንኑ ቁጥር በወረቀት አዘዝኩት፤ ሻጩን የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መካከሉ አለ ወይ፣ የአድራሻው ወረቀትስ አልተላጠም ወይ።